የቡፋሎ ማፍያ ሞቷል ወይስ ወንዙን ተሻግሯል?

በ2017 (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ ጥያቄ ሁለት የማይገናኙ መልሶች ተሰጡ። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት፣ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በቡፋሎ ከተማ የኤፍ ቢ አይ ኃላፊ የነበሩት ሰው ለአካባቢው ጋዜጣ ቃላቸውን ሰጡ። የድሮዎቹ የማፍያ መሪዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ተደራጅተው የሚሠሩት ወንጀል ግን የለም አሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከናያጋራ ወንዝ ማዶ፣ የካናዳዋ ሃሚልተን ነዋሪ ዶሜኒኮ ቪዮሊ ለሚያምነው ሰው የቡፋሎ ቤተሰብ (የማፍያ ቡድን እንዲህ ይባላል) ምክትል አለቃ ሆኖ መሾሙን አጫወተው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎችን አልፎ መመረጡን፣ ካናዳ ተቀምጦ በአሜሪካ ማፍያ ይህን ማዕረግ ያገኘም እሱ የመጀመሪያው መሆኑን ነገረው። ያ የሚያምነው ሰው ለፖሊስ ነበር የሚሠራው፤ የተባለው ሁሉ ተቀድቷል።

ብዙዎች ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብለው ደመደሙ፤ ወይ ኤፍ ቢ አይ ተዘናግቷል፣ ወይ ሰውየው ጉራውን ነዝቷል። እኛ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ እንላለን። ምክንያቱም ስለተለያየ ነገር ነው የተናገሩት። የወንጀል ቤተሰብ «አለ» ሲባል ስሙ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በመሐላ የገቡ አባላት አሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ከታች ወደ ላይ ይፈስሳል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል፣ አልታዘዝ ያለውን ይቀጣል ማለትም ሊሆን ይችላል። እነዚህ አብረው ተወልደው ይሆናል እንጂ አብረው አይሞቱም። በቡፋሎ ደግሞ የሞቱበትን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ መከተል ይቻላል።

ከወንዙ እንጀምር። ናያጋራ ከኢሪ ሐይቅ ተነስቶ ኦንታሪዮ ሐይቅ እስኪገባ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከቡፋሎ ሃሚልተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከቶሮንቶ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ ወገኖቻችን ፒስ ብሪጅን ያውቁታል፤ የተከፈተው በ1927 ነው። ቤተሰቡ ግን ከዚህ ድልድይ ይቀድማል። ስቴፋኖ ማጋዲኖ፣ የሲሲሊዋ ካስቴላማሬ ዴል ጎልፎ ተወላጅ፣ በ1922 የቡፋሎን መሪነት ሲይዝ አሜሪካ መጠጥ ከከለከለች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ሃሚልተን የምትገኝበት የካናዳ ክፍለ ግዛት ኦንታሪዮም ከ1916 እስከ 1927 የመጠጥ ሽያጭን ከልክላለች፤ ጠምቆና አጣርቶ ወደ ውጭ መላክን ግን አልከለከለችም። ነገሩ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ትንሽ ጀልባ የያዘ ሰው ኦንታሪዮ ወደብ ላይ ውስኪውን «ወደ ኩባ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ቀረጥና ወረቀቱን ይጨርሳል። ከሰዓት በኋላ ያው ጀልባ ባዶውን ይመለሳል፤ ማታ ደግሞ እንደገና «ወደ ኩባ» ይሄዳል። በሃሚልተን በኩል ዋናው አቅራቢ የደቡብ ጣሊያኗ ካላብሪያ ተወላጅ ሮኮ ፔሪ ነበር፤ በወዲያኛው ዳርቻ ተረክቦ የሚያከፋፍለው የአሜሪካው ወገን ነው። ስለዚህ የቡፋሎ ቤተሰብ ድንበር የተሻገረው ሲያድግ አይደለም። መጀመሪያውኑ ያቆመው ንግድ ግማሹ ማዶ ነበር።

በ1933 መጠጥ ሲፈቀድ ሰዎቹም መንገዱም እንዳሉ ቆዩ፤ ጭነቱ ብቻ ተቀየረ። ፔሪ በሚያዝያ 1944 ከቤቱ እንደወጣ ጠፋ፤ ሬሳው አልተገኘም። ከእሱ በኋላ የሃሚልተን ኃይል በሦስት ቤቶች እጅ ገባ፤ ፓፓሊያ፣ ሉፒኖ እና ሙሲታኖ። ማጋዲኖ በበኩሉ ናያጋራ ፎልስ ከተማ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ነበረው፤ «ቀባሪው» የሚለው ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በ1931 የአሜሪካ ማፍያ ቤተሰቦች የበላይ ሸንጎ የሆነው ኮሚሽን ሲመሠረት ወንበር ካገኙት አንዱ እሱ ነበር። ደቡብ ኦንታሪዮ የእሱ ግዛት ተብላ የምትቆጠረውም ከዚህ ሥልጣኑ የተነሳ ነው።

ግዛት ማለት በተግባር ምን ማለት እንደነበር በውርርድ ንግድ በደንብ ይታያል። ሃሚልተን ያለ የውርርድ ያዥ አንድ ቅዳሜ በአንድ ቡድን ላይ የ20 ሺሕ፣ በተጋጣሚው ላይ የ8 ሺሕ ዶላር ውርርድ ተቀበለ እንበል። የመጀመሪያው ቡድን ካሸነፈ በልዩነቱ ይከስራል። ራሱን ለማዳን ልዩነቱን 12 ሺሕ ከእሱ የሚበልጥ ካዝና ላለው ሰው ማስተላለፍ አለበት። ትልቁ ካዝና ድንበር ማዶ ከሆነ የሃሚልተኑ ሰው በየሳምንቱ መጨረሻ የማዶው ጥገኛ ነው። አራጣውም በዚሁ ይቀጠላል። በቁማር ለከሰረው 100 ዶላር ይሰጠዋል፤ ሳምንት ሲሞላ 120 ያመጣል፤ ካላመጣ ወለዱ ዋናው ላይ ይደመራል። ጆኒ ፓፓሊያ በሃሚልተን ያደገው በዚህ ሥራ ነው። በመጋቢት 1961 ቶሮንቶ ውስጥ አልገብርም ያለውን የቁማር ቤት ባለቤት ማክስ ብሉስታይንን በሰው መሐል ያስቀጠቀጠውም ገቢው ወደ ቋቱ እንዲገባ ነው። ቀጥሎ «ፍሬንች ኮኔክሽን» በተባለው የሄሮይን መስመር ተከሶ ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጠና እዚያ ታሰረ።

ቤተሰቡን ከውስጥ የሰነጠቀው አንድ ሻንጣ ነው። በ1968 መጨረሻ ማጋዲኖ ለሰዎቹ የገና ስጦታ የሚሆን ገንዘብ የለኝም ብሎ ነበር። ወዲያው ኤፍ ቢ አይ በውርርድ ክስ የልጁን ቤት ሲፈትሽ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ውስጥ አገኘ። ወሬው በማግስቱ እያንዳንዱ ወታደር ጆሮ ደረሰ። (በማፍያው አደረጃጀት «ወታደር» የሚባለው ቃል ገብቶ አባል የሆነው ተራ ሰው ነው።) በዚህ ሥራ ውስጥ ታዛዥነትን የሚያቆየው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው ድርሻዬን አይበላም የሚለው እምነትም አለበት። ያ እምነት ሲፈርስ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ማጋዲኖም በ1974 አልጋው ላይ ሲሞት ለስሙ ብቻ አለቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋናው የገቢ ምንጭ የቡፋሎ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 210 ሆነ። የሠራተኛ ማኅበር ለወንጀል ቡድን ያለው ጥቅም እንዲህ ነው። ተቋራጩ ሠራተኛ የሚያገኘው በማኅበሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ማን ሥራ እንደሚያገኝ የሚወስነው ማኅበሩን የያዘው ሰው ነው። ሥራ ላይ ሳይገኙ ደመወዝ የሚበሉ ስሞች በዝርዝሩ ይገባሉ፤ ሥራው እንዳይቆምበት የሚፈልግ ተቋራጭ ይከፍላል፤ የሠራተኛው የጤናና የጡረታ ፈንድም ደጃፉ ላይ ነው። ፖሊስ ደላላ ቢያስር በማግስቱ ሌላ ይተካል። ማኅበሩ ራሱ ሲወሰድ ግን የሚተካ የለም። በ1996 ቅርንጫፍ 210 በውጭ ሞግዚት ሥር ገባ፣ ከማፍያው ጋር ንክኪ ያላቸው ተባረሩ፣ የመንግሥት ቁጥጥሩም እስከ 2006 ቆየ። እንደ እኛ ዳኝነት፣ በቡፋሎ ከተማ ቤተሰቡን እንደ ድርጅት የገደለው ይህ ነው። የኤፍ ቢ አይ ኃላፊው የ2017 ቃልም ከዚህ አንጻር ሲታይ መሠረት አለው።

በማዶ በኩል ደግሞ ማስረጃው ከዚህም ይከብዳል። ግንቦት 31 ቀን 1997 ጆኒ ፓፓሊያ ሃሚልተን ሬይልዌይ ጎዳና ላይ፣ ከራሱ ድርጅት ደጅ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገደለ። ተኳሹ ኬኔት መርዶክ ለዚህ ያገኘው 2 ሺሕ ዶላርና 40 ግራም ኮኬይን ነው። በሐምሌ ያው ሰው የፓፓሊያን ምክትል ካርመን ባሪላሪን ናያጋራ ፎልስ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደለው። ያዘዙት የሙሲታኖ ወንድማማቾች ነበሩ። የማፍያው ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ በመሐላ የገባን አባል ያለ ቤተሰቡ አለቃ ፈቃድ የገደለ ይገደላል። ፓፓሊያ የቡፋሎ ሰው መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ቡፋሎ ምን አደረገ? ምንም። መርዶክ ፖሊስ እጅ ወድቆ ተናዘዘ፤ ወንድማማቾቹ በባሪላሪ ግድያ ማሤራቸውን አምነው በ2000 ዓ.ም. 10 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2006 ተፈቱ። ከቡፋሎ ሰው ተሻግሮ አልመጣም። ቤተሰቡ በአካባቢው አጠራር «ክንዱ» ይባል ነበር፤ በ1997 ክንድ እንዳልነበረው በሁለት ሬሳ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ከዚያ 20 ዓመት በኋላ አንድ የሃሚልተን ሰው የዚህን ቤተሰብ ማዕረግ እንደ ትልቅ ነገር የሚቆጥረው ለምንድን ነው?

መልሱ ከቤተሰብ ታሪኩ ይጀምራል። የዶሜኒኮ አባት ፓኦሎ ቪዮሊ በሞንትሪያል የኒው ዮርኩ የቦናኖ ቤተሰብ ሰው ነበር፤ በጥር 1978 ተገደለ፤ የሞንትሪያል ሥልጣንም ወደ ሪዙቶ ቤት አለፈ። ልጆቹ ያደጉት ሃሚልተን፣ በእናታቸው ወገን በሉፒኖዎች ዘንድ ነው። በሞንትሪያል በኩል ያለው የኒው ዮርክ በር በአባታቸው ገዳዮች ወገን እጅ ስለነበር የቡፋሎው በር የተሻለ ክፍት ሆነላቸው ብለን እናምናለን። ሉፒኖዎች ደግሞ ካላብሪያውያን ናቸው፤ መነሻቸው ንድራንጌታ ነው። ንድራንጌታ ከአሜሪካው ማፍያ የተለየ፣ ሥሩ ደቡብ ጣሊያን የሆነ፣ በደም ዝምድና የሚተሳሰር ድርጅት ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ቆብ ሊያደርግ ይችላል። ከባዱ ጥያቄም እዚህ ነው ያለው። ሰውየው አደንዛዥ ዕፅ ሲሸጥ የሸጠው የትኛው ድርጅት ነው?

ኦትሬመንስ የተባለው የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ ዘመቻ ያገኘውን እንመልከት። ለፖሊስ የሚሠራው ሰው በኅዳር 2015 ኦንታሪዮ ውስጥ የቦናኖ ቤተሰብ አባል ሆኖ ማለ፤ ሥነ ሥርዓቱ በምስልና በድምፅ ተቀዳ። እንዲህ ያለ ቅጂ በጣም ብርቅ ነው፤ የአሜሪካ ማፍያ በካናዳ ምድር ዛሬም አባል እንደሚያስምል ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም። በኒው ዮርክ በኩል በዚያው ምርመራ አንድ ኪሎ ያህል ኮኬይን ማንሃታን ውስጥ አይስክሬም ቤት እጅ በእጅ ተሸጧል። በሃሚልተን በኩል ደግሞ ዶሜኒኮ ቪዮሊ ለዚያው ሰው ከ260 ሺሕ በላይ ክኒን በ416 ሺሕ ዶላር ገደማ ሸጠ። ሒሳቡ ሲሠራ አንዱ ክኒን አንድ ዶላር ከስድሳ ሳንቲም ነው፤ የጅምላ ዋጋ ነው፤ ሻጩ መንገድ ላይ እየዞረ የሚሸጥ ሰው አይደለም። በታኅሣሥ 2018 ስምንት ዓመት ተፈረደበት፤ ወንድሙ ጁሴፔ ቀደም ብሎ በዕፅ ክስ 16 ዓመት አግኝቷል።

የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን መለየት ያስፈልጋል። ቪዮሊ ጥፋቱን ስላመነ ሙሉ ክርክር አልተካሄደም። የሹመቱ ነገር የመጣው ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ለዳኛው ካቀረቡት የፍሬ ነገር መግለጫ ነው፤ የተፈረደበት ግን በዕፅ ንግዱ ነው። ምክትል አለቃ መሆኑ በምስክር ተፈትኖ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ተንገዋሎ የወጣ ፍሬ አይደለም። ሰውየው ይህን መናገሩ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ግምት ነው። ቢሆንም ጉራ ነው ብለን አንጥለውም፤ ምክንያቱም በዚያ ዓለም በውሸት ማዕረግ መጠራት ሕይወት ያስከፍላል፤ የሚሰማው ሰው ደግሞ በቪዮሊ ግምት የሌላ ቤተሰብ አባል ስለነበር ኒው ዮርክ ሄዶ ሊያጣራ ይችል ነበር።

ማዕረጉ የሚሰጠውን ጥቅም ለማየት ኮኬይን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይበቃል። ትልቅ ጭነት በጥሬ ገንዘብ አይገዛም፤ በዱቤ ይወሰድና ከተሸጠ በኋላ ይከፈላል። ውል የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ጭነቱ ኬላ ላይ ቢያዝ ኪሳራው የማን ነው? ሻጩ «አስረክቤያለሁ» ይላል፤ ገዢው «አልደረሰኝም» ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ የሚፈሩት ስም ያለው ዳኛ ያስፈልጋል። የታወቀ ቤተሰብ ማዕረግ ያለው ሰው ዱቤ ያገኛል፣ ኒው ዮርክ ሲሄድ የሚያናግረው እኩያ ያገኛል፣ ጠላቶቹም ከመተኮሳቸው በፊት ደግመው ያስባሉ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ቡፋሎ ውስጥ መቶ ወታደር መኖር የለበትም። ስሙን የሚያውቁና የሚያከብሩ ሌሎች ቤተሰቦች መኖራቸው ይበቃል። ቡፋሎ ውስጥ ያረጀ ስም ለሃሚልተን ሰው ገና ዋጋ ያወጣል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ፈላጊ ነው ያቆየው።

ፖሊስ ለምን በአንድ ቃል እንደማይናገር ደግሞ ሕጉ ያስረዳል። አሜሪካ በ1970 ባወጣችው ሪኮ በሚባለው ሕግ፣ ድርጅቱ መኖሩንና በዐሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወንጀል መፈጸሙን ማሳየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአሜሪካ መርማሪ «ድርጅቱ አለ» ማለት «ክስ ልመሠርትበት እችላለሁ» ወደ ማለት ይጠጋል። ካናዳ በ1997 ባወጣችውና በ2001 ባሻሻለችው ሕግ ሦስት ሰው ለከባድ ወንጀልና ለጥቅም ከተደራጀ የወንጀል ድርጅት ነው። የስልክ ጠለፋ ፈቃድ በተራ ወንጀል 60 ቀን ሲሆን በድርጅት ጉዳይ እስከ አንድ ዓመት ይደርሳል፤ በአሜሪካ 30 ቀን ነው። ሁለቱም ይታደሳሉ።

ረጅም ጠለፋ ግን ወጥመድም አለው። የቶሮንቶ ሰሜናዊ አጎራባች የሆነው የዮርክ ክልል ፖሊስ በ2019 ሲንዳካቶ በተባለ ዘመቻ የንድራንጌታ ቡድን ነው ባለው ላይ ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ያዘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በጥር 2021 ክሱ ቆመ፤ መርማሪዎቹ ተከሳሾች ከጠበቆቻቸው ጋር ያደረጉትን በሕግ የተጠበቀ ንግግር የያዙበት መንገድ ነው ያፈረሰው። ጠለፋው በረዘመ ቁጥር ጠበቃ የሚደውልበት ጊዜ ይበዛል፤ ያን ጥሪ የሚሰማውና ምርመራውን የሚመራው ሰው አንድ ከሆነ ፋይሉ ሁሉ ይበከላል። በዚያ ላይ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2016 ጀምሮ ከባድ ክስ በ30 ወር እንዲጠናቀቅ ገደብ አስቀምጧል። ሁለት አገር ያሉ ሰነዶችን ተረጉሞ፣ የአጋር ፖሊስን ምስጢር ጠብቆ በ30 ወር መጨረስ ከባድ ነው። ዐቃቤ ሕግ የድርጅቱን ክስ ትቶ የዕፁን ብቻ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ሕዝቡም «ድርጅቱ አለ ወይስ የለም» የሚለውን ከፍርድ ቤት የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

በቡፋሎ በኩል የቅርቡ ፈተና የመጣው በ2024 ነው። አንድ የቀድሞ የፌዴራል ፀረ አደንዛዥ ዕፅ ወኪል፣ ከጣሊያን ማፍያ ጋር ንክኪ አላቸው ብሎ የሚያምናቸውን ወዳጆቹን ለመከለል ቢያንስ 250 ሺሕ ዶላር ጉቦ በልቷል ተብሎ ተከሶ ነበር። የዳኝነት ሸንጎው በጥቅምት ወር ፍትሕን በማደናቀፍና በሌሎች ነጥቦች፣ በድምሩ በሰባት ክስ ጥፋተኛ ሲለው ከማፍያ ጉቦ ተቀብሏል በሚለው ግን ነጻ አደረገው። ይህን ፍርድ «ማፍያው አለ» ብለው የሚጠቅሱትም «የለም» ብለው የሚጠቅሱትም አሉ። ለሁለቱም አይሆንም። ሸንጎው የወሰነው በአንድ ሰው ድርጊት ላይ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ መታየት ያለበት ምንድን ነው? ስም ዝርዝርና የማዕረግ ሠንጠረዥ ብዙ አይነግረንም። ገንዘብ ከኦንታሪዮ ወደ ቡፋሎ በቋሚነት ይሄዳል ወይ? ድንበሩን በ10 ሺሕ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚሻገር ጥሬ ገንዘብ መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ግብር ካለ ወይ እየተከፋፈለ ይሄዳል፣ ወይ በዕቃና በብድር ተመስሎ ይሻገራል፤ ይህ ደግሞ በባንክና በጉምሩክ ወረቀት ላይ ዱካ ይተዋል። ሁለተኛው፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ለመዳኘት ማን ይጠራል? ሦስተኛውና ዋናው፣ ለመግደል ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው? በግንቦት 2017 አንጄሎ ሙሲታኖ ዋተርዳውን ውስጥ ቤቱ ደጅ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተገደለ፤ ወንድሙ ፓት በሐምሌ 2020 በርሊንግተን ውስጥ። ለፓፓሊያ የተከፈለ የ20 ዓመት ደም ነው የሚል ወሬ ወዲያው ተሰማ። ቡፋሎ አዘዘ ወይም ፈቀደ የሚል ማስረጃ ግን በአደባባይ አልቀረበም፤ እስኪቀርብም ሁለቱን ሞት በ«ክንዱ» መዝገብ ላይ አንጽፍም።

የእኛ ግምት እንግዲህ ይህ ነው። በቡፋሎ ከተማ ገቢ የሚሰበስብ፣ ሠራተኛ ማኅበር የሚይዝ፣ የማይታዘዘውን የሚቀጣ ድርጅት ከሞተ ቆይቷል። ማዕረጉና መሐላው ግን አልሞቱም፤ የሚንቀሳቀሱት በደቡብ ኦንታሪዮ ነው፤ የሚመግባቸውም ንግድ አብላጫው የካላብሪያውያን ነው።

ለዚህ አዲስ ኑሮ ትልቁ እንቅፋት ራሱ ድንበሩ ነው። በዕፅ ንግድ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር ዕድሜ ልኩን አሜሪካ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። ካናዳ ደግሞ አንድን የውጭ ሰው ከድንበር ለመመለስ ፍርድ እንኳ አትጠይቅም፤ የወንጀል ድርጅት አባል ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለ ይበቃል። እንግዲህ በ2017 የቡፋሎ ምክትል አለቃ ሆንኩ ያለው ሰው ከሃሚልተን ተነስቶ በአንድ ሰዓት ፒስ ብሪጅ ይደርሳል። ከድልድዩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው የፓስፖርት መስኮት ግን አያሳልፈውም፤ ከቡፋሎ ሊጎበኘው የሚመጣ አባልም በዚያው ድልድይ ላይ ሊመለስ ይችላል።